በጫግኒ ሆቴል ጣሪያ ላይ ኤር ኮንዲሽነር ሲተከል

ጥያቄ፦ ጫግኒ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል አለን። ለአዳራሹ የሚያቀዘቅዝና የሚያሞቅ ትልቅ ማሽን ጣሪያ ላይ ልናስተክል አስበናል። ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሚመረመረው ጣሪያው ነው። ለአዳራሽ የሚበቃ ማሽን ግማሽ ቶን ሊመዝን ይችላል፤ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ ቆርቆሮ ይህን አይሸከምም። ክብደቱ በብረት መደብ በኩል ወደ ኮንክሪት ቢምና ኮለን መውረድ አለበት። ስሌቱ የስትራክቸር መሐንዲስ ሥራ ነው። ማሽኑ በክሬን ሲነሣ ከሥሩ ማንም አይቆምም፤ ጣሪያ ላይ ያሉት ሠራተኞችም የደኅንነት ቀበቶ ያስራሉ።

ጫግኒ ባለችበት በአዊ የክረምት ዝናቡ ብርቱ ስለሆነ መደቡ ከጣሪያው ወለል ከፍ ይላል፤ ቧንቧና ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳም በደንብ ይደፈናል።

ከዚያ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ አለ። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ኮምፕረሰር አንዱ ፌዝ ሲጠፋበት ሊቃጠል ስለሚችል ፌዝ የሚቆጣጠር ሪሌይ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ማጥፊያው ማሽኑ አጠገብ ሆኖ የሚቆለፍ ይሁን፤ ጠጋኙ ቆልፎ ቁልፉን ራሱ ይይዛል።

ማሽኑ የሚያቀዘቅዝበት ጋዝም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት አር-22 የተባለውን ጋዝ ከገበያ እያስወጣ ነው፤ ከተተኪዎቹ አንዱ አር-32 ግን በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። ቧንቧው ማፍሰስ አለማፍሰሱ በናይትሮጅን ይፈተሻል። በኦክስጅን መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

ጫግኒ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የማሽኑ አቅም በአምራቹ የከፍታ ሠንጠረዥ ተስተካክሎ ይመረጣል።