አንድ መልክ፣ ሦስት መነሻ፦ የክሮሞሶም ለውጥ፣ ዳውን ሲንድረምና የወላጆች ጥያቄ

አጽርኦተ ጥናት

ዳውን ሲንድረም ከ21ኛው ክሮሞሶም የሚመጣ ትርፍ ቅጂ የሚያስከትለው የዘረመል እክል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ትርፉ ቅጂ የሚመጣባቸውን ሦስት መንገዶች ያነጻጽራል። በዚህም የሕፃኑን መልክና አካላዊ ምልክት በማየት ብቻ የሚደረግ ምርመራ ሕክምና ለመጀመር የሚያበቃ ቢሆንም፣ ወላጆች ስለ ቀጣዩ ልጅ ለሚያነሡት ጥያቄ ግን መልስ ሊሆን እንደማይችል ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ክሮሞሶም፣ ትራይሶሚ፣ ትራንስሎኬሽን፣ ካርዮታይፕ፣ የዘረመል ምክር

1. መግቢያ

በሀዋሳ ከተማ የሚገኘው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ስፍራ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ይህ በዓል አረጋውያንን፣ ወላጆችንና ሕፃናትን በአንድ ያሰባስባል። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነውም በዚሁ ስፍራ አንዲት እናት ዳውን ሲንድረም ያለበትን ልጇን ታቅፋ ያነሣችው ጥያቄ ነው፦ «የመጣው ከእኔ ነው ወይስ ከአባቱ? ቀጥሎ የምወልደውስ?»

ጥያቄዋ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። የመጀመሪያው የጥፋተኝነት ስሜት ነው፤ ሁለተኛው የወደፊት ሥጋት። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ ክሮሞሶሙ በምን መንገድ እንደተለወጠ በማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው።

2. የክሮሞሶም ለውጥ ዓይነቶች

የሰው ልጅ የሰውነት ሕዋስ 46 ክሮሞሶሞች እንዳሉት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። የክሮሞሶም ለውጥ በቁጥር ወይም በቅርጽ ሊሆን ይችላል። በቁጥር ለውጥ አንድ ክሮሞሶም ይጎድላል ወይም ይተርፋል፤ አንድ ኤክስ ክሮሞሶም ብቻ ያላቸው ሴቶች ላይ የሚታየው ተርነር ሲንድረም ለጉድለቱ፣ ዳውን ሲንድረም ደግሞ ለትርፉ ምሳሌ ናቸው። በቅርጽ ለውጥ የክሮሞሶሙ ክፍል ይቆረጣል፣ ይደገማል፣ ይገለበጣል ወይም ወደ ሌላ ክሮሞሶም ይዛወራል። የመጨረሻው ትራንስሎኬሽን ይባላል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን የእክሉን ምልክቶች የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1866 ነበር። መንስኤው ግን እስከ 1959 ድረስ አልታወቀም። በዚያ ዓመት ዤሮም ለዤን፣ ማርት ጎቲዬና ሬይሞን ቱርፓን ትርፉን ክሮሞሶም በጥናት አሳዩ።

3. ሦስቱ መነሻዎች

3.1 ነፃ ትራይሶሚ 21። ከታማሚዎቹ 95 በመቶ ያህሉ በዚህ ምድብ ይገኛሉ። በሜዮሲስ ወቅት ሁለቱ 21ኛ ክሮሞሶሞች ሳይለያዩ ወደ አንድ ሕዋስ ይገባሉ፤ ከፅንሰት በኋላም የሕፃኑ ክሮሞሶም ብዛት 47 ይሆናል። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በእናት እንቁላል ውስጥ ሲሆን፣ ምክንያቱ ከእንቁላሉ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። የሴት እንቁላል ሜዮሲስን የሚጀምረው ሴቷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ሳይጨርስ ይቆያል። ክሮሞሶሞቹን አንድ ላይ የሚይዙት ፕሮቲኖች በዚህ ረጅም ጊዜ ይዳከማሉ። ስለዚህ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ20 ዓመት ከ1,500 አንድ ያህል ሲሆን፣ በ35 ዓመት ከ350 አንድ፣ በ40 ዓመት ደግሞ ከ100 አንድ ገደማ ይደርሳል። ሆኖም አብዛኛው ልጅ የሚወለደው ከወጣት እናቶች በመሆኑ፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናትም በብዛት የሚወለዱት ከ35 ዓመት በታች ከሆኑ እናቶች ነው።

ከዚህ የምንረዳው እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የበላችው ምግብ፣ የደነገጠችው ድንጋጤ ወይም የሠራችው ሥራ ለእክሉ መንስኤ አለመሆኑን ነው። በዚህ ምድብ እክሉ የመደገም ዕድሉ ለወጣት እናት ወደ አንድ በመቶ ይጠጋል።

3.2 ትራንስሎኬሽን። ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ትርፉን የሚያገኙት 21ኛው ክሮሞሶም ከሌላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ14ኛው ጋር ተጣብቆ ነው። እዚህ ላይ ቁጥር ያሳስታል፤ የሕፃኑ ክሮሞሶሞች ሲቆጠሩ 46 ናቸው። ትርፉ ያለው በተጣበቀው ክሮሞሶም ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ለውጡ አዲስ ሲሆን፣ በቀሩት ግን ከወላጅ የተላለፈ ነው። ተሸካሚው ወላጅ 45 ክሮሞሶሞች ኖረውት ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ወይም የተረፈው ዋና የዘረመል ይዘት የለምና። የ14 እና የ21 ትራንስሎኬሽን ተሸካሚ እናት እክሉ ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል፤ ተሸካሚው አባት ሲሆን በጣም ዝቅ ይላል። ሁለት 21ኛ ክሮሞሶሞች እርስ በርስ የተጣበቁበት ወላጅ ግን በሕይወት የሚወለዱለት ልጆች ሁሉ እክሉ ይኖርባቸዋል።

3.3 ሞዛይክ። በቀሪዎቹ ጥቂት ታማሚዎች ትርፉ የሚገኘው በከፊል ሕዋሳት ብቻ ነው።

4. ውይይት

ሦስቱን መነሻዎች በሕፃኑ መልክ መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የካርዮታይፕ ምርመራ ነው። ምርመራው ሕያው ሕዋስ ይፈልጋል፦ ነጭ የደም ሕዋሳት ለሦስት ቀናት ያህል በላቦራቶሪ እንዲባዙ ይደረጋል፤ ክፍፍላቸው በኮልቺሲን ይገታል፤ ከዚያም ክሮሞሶሞቹ በጊምሳ ቀለም ተቀልመው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ሕዋሳቱ በጉዞ ላይ ከሞቱ ምርመራው ይከሽፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ላቦራቶሪ ውስን በሆነበት አገር፣ ከክልል ከተማ ናሙና መላክ ጥንቃቄና ፍጥነት ይጠይቃል።

ይህ ማለት ግን የልጁ ሕክምና ካርዮታይፕን ይጠብቅ ማለት አይደለም። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ አፈጣጠር ችግር ስላለባቸው የልብ አልትራሳውንድ፣ እንዲሁም የታይሮይድና የመስማት ምርመራ ወዲያውኑ ያስፈልጋቸዋል። ካርዮታይፕ ደግሞ በተቻለ መጠን ለሁሉም መታዘዝ አለበት። ቅድሚያ መስጠት ግድ ከሆነ፣ ተደጋጋሚ ውርጃ ያጋጠማቸው ወይም በቤተሰባቸው ሌላ ታማሚ ያለ ወላጆች ይቅደሙ። ሆኖም እንዲህ ያለ ታሪክ አለመኖሩ ትራንስሎኬሽንን አያስቀርም፤ የእናቲቱ ዕድሜም እንዲሁ። በሕፃኑ ላይ ትራንስሎኬሽን ከተገኘ ሁለቱም ወላጆች ይመረመራሉ።

ከላቦራቶሪው ውጭ ያለው ሥራም ቀላል አይደለም። የቀድሞው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ በልጃቸው ስም ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽን በአዲስ አበባ ስለ ዳውን ሲንድረም ግንዛቤ ይፈጥራል። የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን የሚከበረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 12 ነው። ሦስተኛው ወርና 21ኛው ቀን የተመረጡት የ21ኛውን ክሮሞሶም ሦስት ቅጂዎች ለማመልከት ነው። እንደ ጉዱማሌ ያሉ ሽማግሌ የሚደመጥባቸው አደባባዮችም ለዚህ ትምህርት ምቹ ናቸው፤ እናትን የሚወቅሰው አስተሳሰብ የሚለወጠው በክሊኒክ ውስጥ ብቻ አይደለምና።

5. ማጠቃለያ

ለዚያች እናት በጉዱማሌ በእርግጠኝነት ሊነገራት የሚችለው የመጀመሪያው መልስ ብቻ ነበር፦ ትርፉ ቅጂ ከእናትም ይምጣ ከአባት፣ የማንም ጥፋት አይደለም። «የሚቀጥለውስ?» ለሚለው ግን የልጇ ካርዮታይፕ ሳይታይ አንድ በመቶ ነው ማለትም፣ 15 በመቶ ነው ማለትም ግምት ነው። አንድ ሐኪም «ዳውን ሲንድረም ነው» ብሎ ሲያበቃ የልጁን ሕክምና ይጀምራል፤ የወላጆቹ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። በየክልሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ናሙና በአግባቡ ወስዶ በፍጥነት የሚልክ፣ ውጤቱንም ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ ማፍራት የድኅረ ምረቃ ትምህርታችን አንዱ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።