የማስታወቂያ ማገጃዎች ተገቢ ይዘትን የሚያሰናክሉበት ምክንያትና የመለካቱ ችግር

የማስታወቂያ ማገጃ ሶፍትዌር ማስታወቂያን ከሌላ ይዘት በባሕርዩ ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስምና አድራሻን ነው። ብራውዘሩ አንድን ፋይል ሲጠይቅ አድራሻው ከማጣሪያ ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል፤ ከተመሳሰለም ጥያቄው ይቋረጣል። በገጹ ላይ ደግሞ የተወሰነ መለያ ስም የተሰጣቸው ክፍሎች ከዕይታ ይሰወራሉ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ኢዚሊስት የተባለው ዝርዝር እንዲህ ያሉ ደንቦችን በአስር ሺዎች ይዟል።

ስሕተቱ አንዳንዴ ከስም መገጣጠም ይመጣል። የገጹ ሠሪ የተቋሙን የራስጌ ምስል «ባነር»፣ የአንድን ጉባኤ ደጋፊዎች ዝርዝር ደግሞ «ስፖንሰር» በሚል መለያ ቢያስቀምጥ፣ ሰፊ ደንብ ሊሰውራቸው ይችላል። ይህ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ የፈቃድ ደንብ በመጨመር ይታረማል።

የከፋው ከጥገኝነት የሚመጣው ነው። ብዙ ገጾች የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ኮድ ከሌላ ሰርቨር ያስመጣሉ። አንድ የማመልከቻ ቅጽ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን በቅድሚያ ይህን ኮድ እንዲጠራ፣ ከዚያም መረጃውን እንዲልክ ሆኖ ተጽፏል እንበል። ማገጃው የመከታተያውን ኮድ ካስቀረው፣ ገጹ የሌለ ነገር ጠርቶ በስሕተት ይቆማል፤ መረጃውን የሚልከው ቀጣይ ትእዛዝ ተራው አይደርሰውም። አመልካቹ የሚያየው ሲጫኑት ምላሽ የማይሰጥ ቁልፍ ብቻ ነው። የስሕተቱ መልእክት ያለው ተራ ተጠቃሚ በማይከፍተው የገንቢዎች መስኮት ውስጥ ነው፤ ቀነ ገደቡ ግን አይጠብቅም። ጥፋቱን በማገጃው ላይ ብቻ መጫን አያሳምንም፤ የቅጹን መላክ በመከታተያው ላይ ያንጠለጠለው ገጹን የጻፈው ባለሙያ ነው። የመከታተያው ሰርቨር በተቋረጠ ቀን ያው ገጽ ማገጃ በሌለው ሰው ዘንድም ይሰናከላል።

ዩብሎክ ኦሪጅን ለዚህ ያበጀው መላ ምትክ ኮድ ነው፤ እውነተኛውን አስቀርቶ፣ ገጹ የሚጠራቸውን ስሞች የያዘ ነገር ግን ምንም የማይመዘግብ ባዶ ኮድ ያቀብላል። ፋየርፎክስም በ2021 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ዘዴ ስማርትብሎክ በሚል ስም አካቷል። ምትክ ያልተዘጋጀለት ኮድ ግን እንደ ቀድሞው ገጹን ያሰናክላል።

ለተመራማሪ ከባዱ ጥያቄ መለካቱ ነው። አንድን ገጽ ከማገጃ ጋርና ያለ ማገጃ ከፍቶ ማነጻጸር ልዩነትን እንጂ ብልሽትን አያሳይም፤ የጠፋ ማስታወቂያም ሆነ የጠፋ ካርታ በንጽጽሩ ውስጥ እኩል የጎደሉ ክፍሎች ናቸው። የስሕተት መልእክቶችን መቁጠርም አያዋጣም፤ ስሕተት እየመዘገቡ በደንብ የሚሠሩ ገጾች ሞልተዋል። የሚሻለው ተግባሩን ራሱን መፈተን፣ ማለትም ቅጹን ሞልቶ መላክ፣ ቪዲዮውን ማጫወት፣ ክፍያውን መፈጸም ነው። ይህ ደግሞ የተጠቃሚ መለያና እውነተኛ ግብይት ይጠይቃል። በመነሻ ገጾች ላይ ብቻ የተወሰነ መለኪያ የማመልከቻውን ቅጽ ብልሽት ፈጽሞ አያገኘውም፤ ቅጹ ያለው ከይለፍ ቃሉ ወዲያ ነውና።