«ብቻውን መሆን ይወዳል» ያለህ ማን ነው?

አንድ ወጣት መምህር ጡረታ ወደወጡ ጎረቤቱ ቤት ጎራ አለ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በማስተማር ነው። ታናሽ ወንድማቸው ኦቲዝም እንዳለበት የታወቀው ካደገ በኋላ ነበር።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ አምስተኛ ክፍል ኦቲዝም ያለበት ተማሪ አለኝ። በእረፍት ሰዓት ግንቡን ተደግፎ ብቻውን ይቆማል። ልጆቹም አይጠጉትም። ብቻውን መሆን ይወዳል ብዬ ተውኩት። አጠፋሁ ይሆን?

እትዬ፦ ብቻውን መሆን እንደሚወድ በምን አወቅህ? ነገረህ?

ወጣቱ፦ አልነገረኝም። ግን አይጫወትም።

እትዬ፦ ጸጥታ የሚያሳርፈው ልጅ አለ። የሜዳው ጩኸት ጆሮውን የሚያሳምመው አለ። ሦስት ጊዜ ተጠግቶ፣ ሦስቴም ተስቆበት፣ አራተኛውን የተወም አለ። ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ግንብ የተደገፈ ልጅ ነው። ወንድሜን ሰፈሩ «ኩራተኛ ነው፣ ሰው ይንቃል» ይለው ነበር። እሱ ግን ማታ ማታ እናታችንን «ዛሬ ለምን ሳቁብኝ?» እያለ ይጠይቃት ነበር። ሰው የሚንቅ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

ወጣቱ፦ ምን አድርጎ ነበር የሚስቁበት?

እትዬ፦ ከሳቁም የባሰውን ልንገርህ። ጎረቤታችን ባሏ ሞተባትና ለቅሶ ሄድን። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ወንድሜ ፊት ለፊቷ ቆመና «በስንት ሰዓት ሞተ? ምን በልቶ ነበር?» አላት። ድንኳኑ ተንጫጫ። አጎታችን ክንዱን ይዞ አስወጣው፤ «አረመኔ» ያለችውም ነበረች። ለምን እንደጠየቀ የጠየቀው ግን የለም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ አፍሬበት ነበር። የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰውየውን የገደለው ምን እንደሆነ ከታወቀ ልጆቹን ከዚያ ነገር መጠበቅ ይቻላል ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ማንም ሳያዘው በየጠዋቱ ውኃ ይቀዳላት የነበረውም እሱ ነው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ጥያቄውን ያነሳል፤ ውኃውን ያነሳ ሰው አልሰማሁም።

ወጣቱ፦ ግን እትዬ፣ ሐዘንተኛ እንዲህ አይጠየቅም። ሰው ቢቀየም ይፈረድበታል?

እትዬ፦ በእሷ አይፈረድም፤ ቆስላለች። እኔን የሚያንገበግበኝ የእኛ የቀሪዎቻችን ነገር ነው። ነገሩ ሳይገባን ልቡ ላይ ፈረድን። ኦቲዝም ያለበት ሰው የሌላው ስሜት አይገባውም ሲባል ሰምተህ የለ?

ወጣቱ፦ በሥልጠናም እንዲሁ ነው የተነገረን።

እትዬ፦ እንግሊዝ አገር ዴሚያን ሚልተን የሚባል የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ አለ፤ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ብሎ ተከራከረ። እነሱ እኛን ለመረዳት እንደሚቸገሩ ሁሉ እኛም እነሱን ለመረዳት እንቸገራለን። የእነሱ ችግር ስም ወጣለት፣ ሐኪም ተመደበለት። የእኛን ግን ማን መረመረው?

ወጣቱ፦ ይህ ተፈትኗል ወይስ ሐሳብ ብቻ ነው?

እትዬ፦ ተፈትኗል። ኤድንበራ ላይ ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ አዋቂ ሰዎችን ስምንት ስምንት አድርገው አሰለፉ። የመጀመሪያው ታሪክ ይሰማና ለሁለተኛው ይነግራል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ እንዲያ እያለ እስከ መጨረሻው። ኦቲዝም ያለባቸው ብቻቸውን የተሰለፉበት ቡድን ታሪኩን ኦቲዝም ከሌለባቸው ሰዎች ቡድን ባልተናነሰ ጠብቆ አደረሰ። ይበልጥ የተሸራረፈው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ሰልፍ ነው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እኔ ሳነበው ወንድሜ ሬዲዮ ከሚጠግን አንድ ጓደኛው ጋር ለሰዓታት ሲያወራ ትዝ አለኝ። የዚያን ቀን አንደበቱ እንዴት ተፈታ ብለን እንገረም ነበር።

ወጣቱ፦ ልጆቹ እኮ ገና ሳያናግሩት ነው የሚሸሹት።

እትዬ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖህ ሳሰንና ባልደረቦቹ ያወጡት የአሜሪካ ጥናት ስለዚሁ ነው። ኦቲዝም ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች ሲናገሩ የሚያሳይ አጭር ቀረጻ ለተመልካቾች ቀረበ። ተመልካቾቹ በሰከንዶች ውስጥ ኦቲዝም ያለበትን ዝቅ አድርገው ገመቱት፤ አብረውት ለመጫወት ያላቸው ፍላጎትም አነሰ። ያው ንግግር በጽሑፍ ብቻ ሲሰጣቸው ግን ልዩነቱ ጠፋ። አየህ፣ ለንግግሩ እንከን አላገኙለትም። ያራቃቸው አነጋገሩና ሁኔታው ነው።

ወጣቱ፦ እኔም «ስናገር ዓይን ዓይኔን እይ» እለዋለሁ።

እትዬ፦ ተው እንጂ ልጄ! እኔ አባቴን ቀና ብዬ ዓይኑን ባየው «ዓይን አውጣ» እባል ነበር። ታላቅ ሲናገር አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ዓይኑን ሰበር ያደረገውን ልጅ አያዳምጥም እንላለን? ለወንድሜ ዓይን እያዩ መስማት ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱን ካልተወ ሌላው አይሆንለትም። አነጋገራችንንም አስበው። አክስታችን ጉርሻ ይዛ «በሞቴ!» ስትለው ደንግጦ አለቀሰ፤ እምቢ ካልኩ ትሞታለች ብሎ። ከቤት እየወጣን «መጣሁ» እንላለን። እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንመለስ ሲቆጣ «ያለ ምክንያት የሚቆጣ» ይባላል።

ወጣቱ፦ ታዲያ እኛን መምሰል ቢማር አይሻለውም?

እትዬ፦ ወንድሜ ተማረ። ሰላምታውን ከነቤተሰቡና ከነከብቱ በቃሉ ያዘ፤ የት ላይ እንደሚሳቅ ከሰው ፊት አጠና። ሰርግ ላይ ያዩት «ተሻለው» አሉ። ከሰርግ መልስ መጋረጃ ዘግቶ ሁለት ቀን ይተኛል፤ እህል አይቀምስም። አንድ ቀን «እነሱ የወደዱት ያጠናሁትን ነው፤ እኔን አላዩኝም» አለኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት እናቴ ስትሞት ካለቀስኩት አያንስም።

ወጣቱ፦ እናትዎስ እንዴት ቻሉት?

እትዬ፦ «ምን ሠርታ ነው?» ተባለች። ይህ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስልህ፤ አሜሪካም ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በወላጆች፣ ይልቁንም በእናቶች ቅዝቃዜ አሳቦ ነበር። ስህተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ እናቶቹ ግን ተጎድተው ቀሩ። ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱም ልጁን ከሰው ዓይን ደብቆ የሚያሳድገው ቤት ብዙ ነበር።

ወጣቱ፦ ሁሉም ግን እንደ ወንድምዎ የሚናገሩ አይደሉም።

እትዬ፦ አይደሉም። ቃል የማይወጣው አለ፤ ዕድሜ ልኩን ረዳት የሚፈልግም አለ። የማይናገረው ሲገፋ አይገባውም የሚሉትን ግን አትስማ።

ወጣቱ፦ ሰኞ ምን ላድርግ?

እትዬ፦ የሚያሾፉበትን አስቁም፤ ይህ የአንተ ሥራ ነው፣ ለልጁ አትተውለት። ሌሎቹን ግን «ጓደኞቹ ሁኑ» ብለህ አታስገድድ፤ በትእዛዝ የመጣ ጓደኛ ሲሄድ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ይጎዳል። ከዚያ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰደውና «ግንቡ ጋ የምትቆመው ወደህ ነው?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። በአፉ ካልሆነለት ይጻፍልህ ወይም ያሳይህ። መልሱ ቶሎ ካልመጣ አንተ አትመልስለት። ጠብቀው።