ተከፋፍሎ ማስላት፦ ድንበር ላይ መስማማት ለምን ያስፈልጋል?



በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን ለኢንጂነሪንግ፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ ተማሪዎች የሚጠቅም ርዕስ ይዘን ቀርበናል፤ ዶሜይን ዲኮምፖዚሽን ይባላል። የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪዎችም አትለፉት፤ የምንጠቀምበት ሒሳብ ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

መነሻችን የራሳችን ስህተት ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሙቀት በአንድ ዝርግ ብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ማስላት ነበረብን። ላፕቶፓችን አልቻለውም፤ ሜሞሪው ሞልቶ ፕሮግራሙ ተቋረጠ። ስለዚህ ብረቱን ለሦስት ተከፋፈልነው። እያንዳንዳችን ድርሻችንን አስልተን ውጤቱን ስንገጣጥመው፣ መጋጠሚያው መስመር ላይ ሙቀቱ ድንገት የሚዘል ሆኖ ተገኘ። አማካሪያችን «ድንበራችሁ ላይ ያለውን ሙቀት ማን ነገራችሁ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ ገምተን ነበርና።

ለምን እንከፋፍላለን?

አንድን ኪዩብ በየጎኑ 100 ነጥብ ብንሰጠው 1 ሚሊዮን ያልታወቁ ዋጋዎች ይኖሩናል። የነጥቦቹን ብዛት በየጎኑ እጥፍ ብናደርገው 8 ሚሊዮን ይሆናሉ። እኩልታዎቹን በቀጥታ በማስወገድ ዘዴ ከፈታን፣ ቅደም ተከተሉን በሚገባ መርጠን እንኳ፣ የሚያስፈልገው ሜሞሪ ወደ 16 እጥፍ፣ የስሌቱ ብዛት ደግሞ ወደ 64 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ እጥፍ ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ማግኘት ብቻውን አያድንም። መፍትሔው ሥራውን ከፋፍሎ ለብዙ ኮምፒውተሮች መስጠት ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1870 ሄርማን ሽዋርዝ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ የላፕላስ እኩልታ ውስብስብ ቅርጽ ባለው ቦታ ላይ መፍትሔ እንዳለው ማረጋገጥ ፈለገ። ለክብና ለአራት ማዕዘን መፍትሔው ይታወቅ ነበር። እሱም በከፊል የተደራረቡ አንድ ክብና አንድ አራት ማዕዘን ወሰደ፤ አንዱን ፈትቶ ውጤቱን ለሌላው ድንበር ሰጠ፤ ከዚያም በተራው መለሰለት። ይህ ቅብብሎሽ ወደ ትክክለኛው መፍትሔ እንደሚወስድ አሳየ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በፓሪስ ስለ ዘዴው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ፒየር ሉዊ ሊዮንስም ዘዴውን ለዘመናችን ኮምፒውተሮች በሚመች መንገድ መረመረው።

በምሳሌ እንየው

100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዘንግ እናስብ። ግራ ጫፉ ሁልጊዜ 0 ዲግሪ፣ ቀኝ ጫፉ 100 ዲግሪ ነው፤ ጎኑ ሙቀት እንዳያስወጣ ተሸፍኗል። ሲረጋጋ ሙቀቱ ቀጥታ መስመር ይሆናል፤ 60ኛው ሳንቲ ሜትር ላይ 60 ዲግሪ ማለት ነው። መልሱን የማያውቁ ሁለት ቡድኖች ግን ይከፋፈሉት፤ የግራው ከ0 እስከ 60፣ የቀኙ ከ40 እስከ 100። ከ40 እስከ 60 ያለው የጋራ ነው።

የግራው ቡድን 60ኛው ላይ ያለውን ስለማያውቅ 0 ነው ብሎ ይጀምራል።

1ኛ ዙር፦ ግራው 40ኛው ላይ 0 ያገኛል። ቀኙ ያንን ተቀብሎ ሲያሰላ 60ኛው ላይ 33.3 ያገኛል።
2ኛ ዙር፦ ግራው በ33.3 ተነስቶ 40ኛው ላይ 22.2 ያገኛል። ቀኙም 60ኛው ላይ 48.1።
3ኛ ዙር፦ ግራው 32.1፣ ቀኙ 54.7።

60ኛው ላይ ያለው ስህተት ከ60 ወደ 26.7፣ ወደ 11.9፣ ወደ 5.3 ወረደ። በየዙሩ በ4/9 ይባዛል። ከ10 ዙር በኋላ ከ0.02 ዲግሪ በታች ይሆናል። መጀመሪያ የተገመተው ፍጹም ስህተት ነበር፤ ያስተካከለው መነጋገራቸው ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ የጋራ ቦታ ባይኖርስ? ሁለቱም 50ኛው ላይ ቢቆሙ፣ ግራው 0 ይሰጣል፣ ቀኙም ያንኑ 0 ይመልሳል፤ ሺህ ዙር ቢደጋገም ለውጥ የለም። የእኛም ፕሮጀክት የወደቀው እዚሁ ነው። በዚህ ጊዜ ከሙቀቱ ሌላ በድንበሩ የሚያልፈውን ፍሰት ማነጻጸር ያስፈልጋል። በግራ በኩል ሙቀቱ በሳንቲ ሜትር 0 ዲግሪ፣ በቀኝ በኩል 2 ዲግሪ ይጨምራል። ልዩነቱ ግምቱ ዝቅተኛ መሆኑን ይነግረናል። ሳይደራረቡ የሚከፋፍሉ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ፋርሃትና ሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ፌቲ፣ ድንበሩ ላይ ሙቀቱም ፍሰቱም እንዲስማማ ያደርጋሉ።

ሁለተኛ፣ ክፍሎቹ ሲበዙ ወሬው ይዘገያል። 100 ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሠርተው በየዙሩ ከጎረቤታቸው ጋር ብቻ ቢለዋወጡ፣ የቀኝ ጫፉ ሙቀት ግራ ጫፍ እስኪሰማ መቶ ያህል ዙር ይፈጃል። ለዚህ መድኃኒቱ፣ በየዙሩ ሙሉውን ቦታ በጥቂት ነጥቦች ብቻ የሚያይ አንድ ትንሽ ስሌት መጨመር ነው። ዝርዝሩን ክፍሎቹ ያሰላሉ፤ አጠቃላይ መልኩን ይህ ትንሹ ስሌት ለሁሉም ያደርሳል።

እኛ ምን አደረግን?

ድርሻችንን በጥቂት ረድፍ ነጥቦች እንዲደራረብ አድርገን እንደገና አሰላን፤ በየዙሩ የድንበሩን ዋጋ ተለዋወጥን። ዝላዩ ጠፋ። በሪፖርታችንም ስንት ዙር እንደፈጀና በመጨረሻ የቀረው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ጻፍን። እናንተም በቡድን ስታሰሉ፣ የየራሳችሁ ክፍል ትክክል መሆኑ ብቻ አያዘናጋችሁ፤ ከማስረከባችሁ በፊት መጋጠሚያውን ፈትሹ።

መልመጃ፦ የጋራው ቦታ ከ45 እስከ 55 ብቻ ቢሆን፣ ከ3 ዙር በኋላ 55ኛው ላይ ስንት ዲግሪ እናገኛለን? (መልሱ 38.5 ያህል ነው። ከላይኛው ምሳሌ ጋር አነጻጽሩና ለምን እንደዘገየ ተወያዩበት።)

ኢንሻአላህ በሌላ ትምህርት እንገናኛለን። መልካም ጥናት!