የዱቄት ጨዋታ በክፍላችን

እንደሚታወቀው ውሳኔ አሰጣጥን የምንማረው በአብዛኛው ከማስታወሻ ነው። ፈተና ላይ ደረጃዎቹን ዘርዝረን ነጥብ እናገኛለን፤ የወሰንነው ነገር ግን የለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሮቤ ላይ ሆነን የተጫወትነውን አንድ የሲሙሌሽን ጨዋታ ለማካፈል እሞክራለሁ።

«የቢራ ጨዋታ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ኦንላይን ይገኛል። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፦ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ። መነጋገር ክልክል ነው። በየሳምንቱ የሚወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ልዘዝ? እኛ ኔትወርኩ ሲቋረጥብን በወረቀት ቀጠልን፤ ቢራውንም በዱቄት፣ ዶላሩንም በብር ተካነው። የጎባን ወይም የሮቤን ዳቦ ቤት ለሚያውቅ ዱቄት ይቀርበዋል።

ቸርቻሪው 12 ኩንታል ይዞ ይጀምራል። በሳምንት 4 ይሸጣል፣ 4 ይገባለታል። በ5ኛው ሳምንት ደንበኞች 8 ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው 8 ነው። የጨመረው ትዕዛዝ ግን ለመድረስ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ ክምችቱ 8፣ 4፣ 0 እያለ ይወርድና በ8ኛው ሳምንት የ4 ኩንታል ባለዕዳ ይሆናል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ይደነግጥና 16 ያዛል፣ ቀጥሎ 20። ጅምላ ሻጩ ያንን አይቶ ከዚያ በላይ ያዛል። ፋብሪካው ጋ ሲደርስ አገር ምድሩ ዳቦ ብቻ የሚበላ ይመስላል! ከሳምንታት በኋላ የታዘዘው ሁሉ ይመጣና መጋዘኑ ይጨናነቃል። ለተከማቸ ኩንታል በሳምንት 50 ሳንቲም፣ ለጎደለ 1 ብር ይቀጣሉ።

እኔ ጅምላ ሻጭ ነበርኩ። ሲያልቅ «ቸርቻሪው ነው ያበላሸው» ብዬ ተከራከርኩ፤ እሱ ደግሞ ደንበኛውን ወቀሰ። የደንበኛው ወረቀት ሲገለጥ የተለወጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ከ4 ወደ 8። ክፍሉ ዝም አለ። ጆን ስተርማን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናትም ተጫዋቾች አስቀድመው ያዘዙትንና መንገድ ላይ ያለውን ዕቃ በበቂ እንደማይቆጥሩ አሳይቷል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ማርክ መሰጠት ያለበት ለአሸናፊው ቡድን ሳይሆን ተማሪው በየሳምንቱ «ለምን ይህን ያህል አዘዝኩ» ብሎ ለጻፈው ምክንያት ነው። ኦንላይኑ ስሌቱን ያቀልልናል እንጂ ውይይቱን አያካሂድልንም።

ከጨዋታው የሚጎድል ነገር አለ፤ ዋጋ። ባሌ ውስጥ በበልግም በመኸርም ይታጨዳል። የሲናና ወይም የአጋርፋ ገበሬ ስንዴውን በአጨዳ ሰሞን ይሽጠው ወይስ እስኪወደድ ያቆየው? የኮምባይነር ኪራይ እየተጠበቀበት ማቆየት ደግሞ ቀላል አይደለም። በየሳምንቱ የሚመዘዝ የዋጋ ካርድ ብንጨምርበትስ? ዋጋውን ከሮቤ ገበያ እየጠየቁ መጻፍ ይቻላል። ለመጪው ሴሚስተር የመጀመሪያዎቹን ካርዶች ለማዘጋጀት እኔ ፈቃደኛ ነኝ።