በመንገድ ላይ የተደራረበውን ሲግናል መለየት፦ ኢኳላይዜሽን በብሮድባንድ ሽቦ አልባ ግንኙነት

ከሞባይል ጣቢያ አንቴና የሚነሣ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ተቀባዩ ስልክ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ከፊሉ በቀጥታ ሲመጣ ከፊሉ ከሕንፃ ወይም ከተራራ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል። ሞገዱ በአንድ ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ፣ 300 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከቀጥተኛው 1,500 ሜትር የሚረዝም መንገድ የተጓዘው ነጸብራቅ 5 ማይክሮሰከንድ ይዘገያል። በጂኤስኤም፣ ማለትም በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ አንድ ቢት 3.7 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ መዘግየቱ ከአንድ ቢት ብዙም አይበልጥም። በሰከንድ 20 ሚሊዮን ምልክቶችን በተከታታይ በሚልክ የብሮድባንድ ሥርዓት ግን ያው መዘግየት 100 ምልክቶችን ያደራርባል። የማስተላለፊያ ኃይልን መጨመርም መፍትሔ አይሆንም፤ ዋናው ሞገድ ሲጠነክር ነጸብራቁም አብሮት ይጠነክራልና።

ይህን መደራረብ የሚያስተካክለው በተቀባዩ ውስጥ የሚሠራው ኢኳላይዘር የተባለ ማጣሪያ ነው። ቀጥተኛው ሞገድ መጠኑ 1፣ ከአንድ ምልክት ጊዜ በኋላ የሚደርሰው ነጸብራቅ ደግሞ 0.5 ነው እንበል። ማጣሪያው አሁን ከተቀበለው ላይ ቀደም ሲል የተቀበለውን ግማሽ ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ራሱ ነጸብራቅ የያዘ በመሆኑ ግን ከእርሱ በፊት የነበረውን 0.25 መልሶ ይደምራል፣ ቀጥሎ 0.125 ይቀንሳል፣ እንዲህ እያለ እርማቱ እያነሰ ይሄዳል። ነጸብራቁን ጨርሶ ለማጥፋት የሚጥረው ይህ ስልት ዜሮ ፎርሲንግ ይባላል፤ የቤል ላብስ ተመራማሪ ሮበርት ለኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ለስልክ መስመር ያቀረበው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ኢኳላይዘርም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር።

ችግሩ የሚገለጠው ነጸብራቁ ከዋናው ጋር ሲስተካከል ነው። በዚያን ጊዜ እርማቱ ማነሱን ያቆማል፤ አንዳንድ ፍሪኩዌንሲዎች ላይም ሁለቱ ሞገዶች ተጠፋፍተው ሲግናሉ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ሲግናሉ ወደ መቶኛ በወረደበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ማጣሪያው በ100 ሲያባዛ በተቀባዩ ውስጥ የተፈጠረውን ኖይዝ፣ ማለትም መረጃ የሌለውን የኤሌክትሪክ ሁከት፣ አብሮ በ100 ያባዛል። ስለዚህ ፍጹም እርማት ጎጂ ሊሆን ይችላል። ኤምኤምኤስኢ የተባለው ስልት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው መደራረብና የኖይዙ ድምር አነስተኛ የሚሆንበትን ነጥብ ፈልጎ ጥቂት ነጸብራቅ ሆን ብሎ ይተዋል።

ከዚህም የረቀቀው ስልት ተልከው ሊሆኑ ከሚችሉት የቢት ተከታታዮች መካከል ከተቀበለው ጋር በጣም የሚስማማውን መምረጥ ሲሆን፣ በጂኤስኤም ስልኮች ውስጥ በቪተርቢ ስሌት አማካይነት በሰፊው አገልግሏል። መደራረቡ 4 ቢት ከሆነ ስሌቱ የሚከታተላቸው ሁኔታዎች 16 ብቻ ናቸው፤ 100 ቢት ሲሆን ግን ቁጥራቸው 31 አሐዝ ስለሚይዝ ይህን የሚችል ስልክ አይኖርም።

ብሮድባንድ ከዚህ ማነቆ የወጣው ሲግናሉን ራሱን በመለወጥ ነው። ኦኤፍዲኤም በተባለው አሠራር ፈጣኑ የመረጃ ፍሰት ለብዙ ዘገምተኛ ንዑስ ሞገዶች ይከፋፈላል። በኤልቲኢ፣ ማለትም በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ንዑስ ሞገዶቹ በ15 ኪሎኸርዝ ይራራቃሉ፤ ምልክቱ 66.7 ማይክሮሰከንድ ይቆያል፤ የምልክቱ መጨረሻ ተቀድቶ ከፊቱ የሚለጠፍበት 4.7 ማይክሮሰከንድ ያህል መከላከያ ጊዜም አለ። ነጸብራቁ ከዚህ ጊዜ ካላለፈ ለእያንዳንዱ ንዑስ ሞገድ አንድ ማካፈል ይበቃል፤ መዘግየቱ ለሚበዛባቸው ቦታዎች የኤልቲኢ ደረጃ 16.7 ማይክሮሰከንድ የሚደርስ መከላከያ ይፈቅዳል።

ከስልክ ወደ ጣቢያ በሚሄደው አቅጣጫ ግን ኤልቲኢ ይህን አሠራር እንዳለ አልተቀበለውም። የንዑስ ሞገዶቹ ድምር አልፎ አልፎ እጅግ ከፍ ስለሚል የስልኩን ኃይል ማጉያ ያስጨንቃል፣ ባትሪውንም ይበላል። በመሆኑም ስልኩ ድምሩ እምብዛም የማይዋዥቅ የነጠላ ሞገድ ዓይነት ሲግናል ይልካል፤ ጣቢያው በፍሪኩዌንሲ ደረጃ ካስተካከለ በኋላ ወደ ጊዜ ስለሚመልሰው በአንድ ደካማ ፍሪኩዌንሲ ላይ የጎላው ኖይዝ ለሁሉም ምልክቶች ይዳረሳል። ስለዚህም እዚህ ከተራ ማካፈል ይልቅ ኤምኤምኤስኢ ይመረጣል።