የተቀዱ ቨርቹዋል ማሽኖች የማክ አድራሻ ግጭት፦ መንስኤውና አፈታቱ

አንድ ቨርቹዋል ማሽን ተቀድቶ ቅጂው ከዋናው ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ሲነሳ፣ የሁለቱም ግንኙነት በየተራ ሊቆራረጥ ይችላል። ፒንግ ለጥቂት ሰከንድ ይመልሳል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ስዊች መልእክትን የሚልከው ማክ አድራሻው መጨረሻ ወደታየበት ፖርት በመሆኑ፣ አንድ አድራሻ ከሁለት ፖርቶች ሲመጣ ሠንጠረዡ በሁለቱ መካከል ይዋልላል።

ግጭቱን የአጋጣሚ ውጤት አድርጎ መውሰድ ቢቀናም ስሌቱ ይህን አይደግፍም። ቨርቹዋልቦክስ ከ48ቱ ቢቶች የመጀመሪያዎቹን 24 በ08:00:27 ወስኖ የቀሩትን 24 በዘፈቀደ ይሞላል። ይህም 16,777,216 አማራጮችን ይሰጣል፤ 100 ማሽኖች ባሉበት ኔትወርክ ቢያንስ ሁለቱ የመገጣጠማቸው ዕድል 0.03 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዋናው መንስኤ እንግዲህ ቅጂው ራሱ ነው፤ አድራሻው በማሽኑ የቅንብር ፋይል ስለሚጻፍ አብሮ ይባዛል። ኪዩኢምዩ ግን ሳይቀዳም ይጋጫል፦ አድራሻ ሳይሰጠው በትእዛዝ ሲነሳ ለመጀመሪያው ካርድ ምንጊዜም 52:54:00:12:34:56ን ይሰጣል።

መፍትሔው በቨርቹዋልቦክስ ቀላል ነው፤ በሚቀዳበት ጊዜ ለሁሉም የኔትወርክ ካርዶች አዲስ አድራሻ እንዲፈጠር መምረጥ ይበቃል። ቪኤምዌር ደግሞ ማሽኑ ተቀድቶ ወይስ ተዛውሮ እንደሆነ ሲጠይቅ «ተቀድቷል» ማለት ያስፈልጋል። አድራሻውን በእጅ የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያው ባይት የመጨረሻ ቢት 0፣ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ግራ ያለው 1 እንዲሆን ያድርግ፤ 52 በሁለትዮሽ 01010010 በመሆኑ ይህን ያሟላል።

ይሁን እንጂ ማክ አድራሻው ተለውጦም ሁለቱ ማሽኖች አንድ አይፒ ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ብዙ መመሪያዎች የሚያቆሙት ከዚህ በፊት ነው። ለምሳሌ ኡቡንቱ ሰርቨር 18.04 ለዲኤችሲፒ የሚያቀርበው መለያ በማክ አድራሻው ላይ ሳይሆን፣ በዲስኩ ላይ ከተጻፈው የማሽን መለያ በሚመነጭ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው። ዲስኩ ሲቀዳ ይህም ይቀዳል፤ ሰርቨሩም ሁለቱን እንደ አንድ ደንበኛ ያያቸዋል።

ሁለቱን ችግሮች ለመለየት የሦስተኛ ኮምፒውተርን የኤአርፒ ሠንጠረዥ ማየት ይረዳል። አይፒው ሳይለወጥ ማክ አድራሻው የሚፈራረቅ ከሆነ ስሕተቱ ያለው በውስጥ በተጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በዚህ ጊዜ ከቅጂው በፊት የማሽን መለያው ፋይል ይዘት ባዶ ይደረጋል፤ ፋይሉ ግን አይሰረዝም፤ ማሽኑ ሲነሳ አዲስ መለያ ይጽፍበታል። ሌላው አማራጭ በኔትፕላን ቅንብር ዲኤችሲፒ ማክ አድራሻውን እንደ መለያ እንዲጠቀም ማዘዝ ነው። ይህ ለቀድሞ ቅጂዎች ይቀልላል፤ አስቀድሞ ልዩ ማክ አድራሻ ከሌለ ግን ችግሩን ወደ መጀመሪያው ግጭት ይመልሰዋል።